የሙሴ ዤራር ጠርሙስ

ሚኒባሱ አረካን ለቆ ወደ ሶዶ ሲንደረደር የቡሽ መንቀያው በሱሪዬ ኪስ ውስጥ ሆኖ ጭኔን እየወጋኝ ነበር። አውጥቼ በእጄ እንዳልይዘው አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መጽሐፍ ቅዱስ ታቅፈዋል፤ ጠመዝማዛ ብረት ይዞ የሚጓዝ ጎልማሳ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አይፈጅባቸውም። መጋቢት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ገደማ። ተራርቃችሁ ተቀመጡ የተባለበት ዘመን ቢሆንም በአንድ ወንበር አራት ሆነን ተጠጋግተናል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ትራፊክ አለ! ማስክ! ማስክ!" ሲል ሁሉም ከአገጩ ወደ አፍንጫው ይስባል፤ ትራፊኩ ሲታለፍ ሁሉም ወደ አገጩ ይመልሳል። ሁለት ማስክ ደራርቤ እስከ ዓይኔ ሥር የታፈንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰዉም በሽተኛው እኔ የሆንኩ ይመስል ይሸሸኝ ነበር።

በሽተኛስ አልነበርኩም። ሀብተጊዮርጊስ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ስሆን ሶዶ ከተመደብኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ደግሞ ኮሮና ማዕከል ነበር የምሠራው። በር ላይ ቆሜ ለሚመጣው ሁሉ ያንኑ አራት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ትኩሳት አለህ? ሳል አለህ? ምግብ ይጣፍጥሃል? ሽታ ይሸትሃል? በዚያ ሳምንት ብቻ ከመቶ ሰው በላይ ጠይቄያለሁ። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ የማፍርበት ነገር ስለሆነ ነው።

መንቀያውን ፍለጋ አረካ አጠገብ ዱቦ ድረስ የሄድኩት ለአከራዬ ለጋሽ ሻንቆ ብዬ ነው። ሶዶን በመሰለ ሆቴል በሞላበት ከተማ የቡሽ መንቀያ ጠፍቶ አይደለም። ባለቤታቸው እትዬ አስካለች ግን "ከመጠጥ ቤት ተዋሱ ተብሎ ከሚወራብን ጠርሙሷ እዚያው ትቅር" ብለው ቁርጡን ተናገሩ። እሳቸው በቤተ ክርስቲያናቸው የቅዱስ እራቱን ወይን የሚያዘጋጁ ሴት ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘቢብ አፍልተው፣ አጥልለው፣ ስኳር ጨምረው ለጌታ ማዕድ አቅርበዋል። ከአንዲት ጠርሙስ በቀር የሚያሰክር ነገር የቤታቸውን ደጃፍ አልፎ አያውቅም።

ዱቦ ያሉት ካቶሊኩ አባ መንቀያውን ከመሳቢያቸው አውጥተው ሲሰጡኝ ምክርም መረቁልኝ። "የአርባ ዓመት ቡሽ ይፈረፈራል፤ ቀስ ብለህ። ጠርሙሱን እንዳትነቀንቀው፣ አተላው ታች ይቅር። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ አታቆዩት። እንዲህ ያረጀ ወይን አየር ካገኘው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው የሚኖረው።"

ጋሽ ሻንቆ ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. የአንድ ፈረንሳዊ ወጥ ቤት ነበሩ። ሙሴ ዤራር ይባላል፤ ሙሴ በፈረንሳይኛ አቶ እንደማለት ነው፤ ሁምቦ ቆላ፣ ተበላ አካባቢ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሐንዲስ ነበር። እራት ሲቀርብ ለወጥ ቤቱም አንድ ጣት ያህል ወይን ይቀዳና "ሻንቆ፣ ምን ይሸትሃል?" ይላቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት መልሱ "ወይን ወይን ይላል፣ ሙሴ" ነበር። በስድስተኛው ዓመት ግን ጋሽ ሻንቆ ዓይናቸውን ጨፍነው የፈረንጁን ቃላት ሁሉ በራሳቸው አገር ዕቃ ተክተዋቸው ነበር። መጀመሪያ የበሰለ ኮሽም፣ ቀጥሎ ጽድ፣ ቀጥሎ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል፣ በመጨረሻ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው የዳሞታ ተራራ አፈር። በዚህ ቅደም ተከተል ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በረንዳቸው ላይ እየተቀመጥኩ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ተራው ሲዛነፍ አላስታውስም።

በግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ሙሴ በአንድ ሻንጣ ተነሳ። ሲነሳም ጠርሙሱን በሁለት እጁ አስረከባቸው። የቦርዶ ወይን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 የተጠመቀ፣ ሦስት ዓይነት ወይን የተጋባበት። "ካበርኔ አጥንቱ ነው፣ መርሎ ሥጋው ነው፣ ሦስተኛው ትንፋሹ ነው። አንዱ ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል አይቆይም፤ ተደጋግፈው ነው የሚያረጁት" አላቸው። "አስተኝተህ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አኑርልኝ። ገና ልጅ ነው። ተመልሼ አብረን እንከፍተዋለን። ባልመለስ ግን አንተ አሽትተህ ምን እንደሆነ ንገረኝ።"

ጋሽ ሻንቆ ከጓሮ ባለው አሮጌ ጎጆ ውስጥ፣ ቆጮ የሚቀበርበትን ዓይነት ጉድጓድ ቆፍረው አሸዋ አነጠፉበት። ጠርሙሱን አስተኝተው በእንሰት ቅጠል ሸፈኑት። ሠላሳ ዓመት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስለዚህች ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ለምክር መጥተው ሁለቱንም ጊዜ የመለሷቸው እትዬ አስካለች ራሳቸው ናቸው። "አደራ ነው። የሰው አደራ ድፉ የምትሉን ከሆነ ቁርጡን ንገሩን" ብለዋቸው አረፉት።

ባለፈው ሳምንት የሙሴ ልጅ ደብዳቤ መጣ፤ በእንግሊዝኛ ስለነበር ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አባትየው በታኅሣሥ በዚሁ በሽታ አርፏል። በመጨረሻዎቹ ቀናት "ሻንቆ ከፈተው ይሆን?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ልጅቱ ለመታሰቢያው ዕለት አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ወይኑ ምን እንደሆነ ጋሽ ሻንቆ ይጻፉላት፣ በመቃብሩ ላይ ታነበዋለች። ጋሽ ሻንቆ ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ሌላ ወሬ አላወሩም። የቀረችው የሕይወታቸው ሥራ ያቺን ወይን አሽትቶ መንገር ነበረች።

ግቢ ስገባ ነጩን የወጥ ቤት ኮት ለብሰው፣ የናስ ቁልፎቹን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ጠበቁኝ። ጠርሙሱ ከትናንት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። አጠገቡ ሙሴ ትቶላቸው ከሄደው ስድስት ብርጭቆ የተረፈው አንዱ ቀጭን ብርጭቆ አለ።

"ሳሮ፣ ሀብቴ! ተገኘ?"

"ተገኘ፣ ጋሼ።"

"ሎኦ!" አሉና እጃቸውን አፋተጉ፤ በወላይትኛ ጥሩ ማለት ነው።

እትዬ አስካለች ከጓዳ ብቅ አሉ። "ዶክተር፣ እስቲ ፍረደኝ" አሉኝ፤ ነርስ ነኝ ብዬ ነግሬያቸው ነግሬያቸው ሰልችቶኛል። "ሁለት ቀን ሙሉ ዳጣው ነጭ ሽንኩርት የላትም ይለኛል። ሁለት ራስ ነው የከተትኩት! እሷ ዳጣ ጎረቤት ያስነጥሳል!" በእትዬ አስካለች አማርኛ ውስጥ ወንድና ሴት እንደልባቸው ይቀላቀላሉ።

ሳቅኩ። "እርጅና ምላስ ላይ ነው መሰለኝ የሚጀምረው" አልኳቸው ጋሽ ሻንቆን። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ትንሽ ሳል አቋረጣቸው። "ብርድ ነው" አሉ። ትናንት ጠርሙሱን ከጓሮ ሲያመጡ ሁለቴ ቆመው እንዳረፉ እትዬ አስካለች ለቀልድ ብለው ጨመሩበት። እኔ ወረቀቴን እያስተካከልኩና እስክሪብቶዬን እየሞከርኩ ነበር።

ቡሹ አባ እንዳሉት ከመሃል ተሰበረ፤ ሁለተኛው ግማሽ በመከራ ወጣ። ጋሽ ሻንቆ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አንገት ደግፈው ቀስ አድርገው ቀዱ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱትና ዳሩን አሳዩኝ። መሃሉ ጥቁር ቀይ ነው፤ ዳሩ ግን ወደ ሸክላ ቀለም ዞሯል። "አየህ? አርጅቷል። በደንብ ነው ያረጀው" አሉኝ። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አሽከርክረው አፍንጫቸውን ከተቱበት።

እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

ቀና አሉ። እንደገና አሽከረከሩ። "አስካለች፣ መስኮቱን ዝጊልኝ፤ ነፋሱ ነው" አሉ። ተዘጋ። እንደገና አጎነበሱ። ቆዩ፣ በጣም ቆዩ። ከዚያ ትንሽ ጠጡ፤ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት፤ ዋጡት። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ እያየሁት ጠፋ።

"ውሃ ነው" አሉ።

"ምን?"

"ምንም የለም። ኮሽሙ የለም፣ ጽዱ የለም፣ ምንም የለም። እስቲ አንተ አሽትተው፣ ሀብቴ።"

ይህ ጊዜ ነው ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ። እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን አቀረቡልኝ፤ እኔም ወደ ኋላ ሸሸሁ። "ጋሼ፣ ከማዕከል ነው የመጣሁት፤ ማስኬን እርስዎ ፊት አላወልቅም። ደግሞስ እኔ ስለ ወይን ምን አውቄ?" አልኩ። ላድናቸው ነው የሸሸሁት። ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እትዬ አስካለች ገና ብርጭቆው ወደ እሳቸው ሲዞር እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "እኔማ አይሆንልኝም፤ አንተ ካላወቅከው ማን ሊያውቀው ነው?" አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ቤት አንድ አዋቂ ብቻ ነበር፤ እሱ የፈረደውን የሚሽር አልነበረም።

ጋሽ ሻንቆ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ሞቷል" አሉ። "ጉድጓዱ ሞቆት ይሆናል። ወይም በሰባ ሰባቱ ድርቅ... የለም፣ ያኔ እሱ ነበር። እኔ ነኝ፤ አልጠበቅኩትም። ጻፍ ሀብቴ። ሻንቆ ወይኑን ገደለው ብለህ ጻፍ።"

"ጋሼ፣ እንዲህ ብዬማ አልጽፍም።"

"ጻፍ አልኩህ!"

ወይኑ ሞቷል ብዬ በእንግሊዝኛ አንዲት መስመር ጻፍኩ። ሽማግሌው ነጩን ኮት እንደለበሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። እኔ ወረቀቱን አጠፍኩ።

እትዬ አስካለች አጠገባቸው ቁጭ ብለው ትከሻቸውን ያዙ። "እንግዲህ ሞተች ካልክ መጠጥነቱ ቀርቷል ማለት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ነገ ቅዱስ እራት ነው። አፍልቼ ስኳር ብጨምርበት ለጌታ ማዕድ ይሆናል። ቦይ ውስጥ ከሚደፋ በክብር ይሂድ። ሙሴም ቢሆን አይከፋውም።"

ጋሽ ሻንቆ እጃቸውን አወዛወዙ። "ውሰጂው።"

ጠርሙሱን ይዘው ወደ ጓሮው ኩሽና ወጡ። ሰው ሲቀበር እንደሚሸኙት ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት። የተቀዳው ብርጭቆ ግን እዚያው ቀረ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ተረኛ ነበርኩ፤ ሃያ ስድስት ሰዓት ሙሉ አልተኛሁም። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሁለቱን ማስኮች አወለቅኩ፣ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ወደቅኩ። መስኮቴ የሚከፈተው ወደ ኩሽናው ነው። ሩብ ሰዓት ያህል አሸልቤ ይሆናል፤ የቀሰቀሰኝ ሽታ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ጓሮ ኮሽም የሚቀቅል መሰለኝ። ጣፋጭ፣ የጠቆረ፣ አፍ የሚሞላ ሽታ ነው። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ፤ ደረቅ ቅጠል፣ ትምባሆ። ከሱ ሥር ደግሞ ዝናብ ያልዘነበበት ቀን ሆኖ ሳለ እርጥብ አፈር ይሸታል። ኮርኒሱን እያየሁ የጋሽ ሻንቆን ድምፅ ሰማሁ፤ በረንዳው ላይ ሦስት ዓመት ሲደጋግሙት የኖሩትን። ሞቶ ከሆነ ይህ ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ገባኝ።

ዳጣው ነጭ ሽንኩርት የለውም። ብርድ ነው። ሁለቴ ቆመው አርፈዋል። ውሃ ነው፣ ምንም የለም። በቀን ሃያ ሰው የምጠይቀውን ጥያቄ ሰውዬው ሳልጠይቃቸው መልሰውልኝ፣ እኔ በእርጅናቸው አሹፌ፣ የወይኑን ሞት በእጄ ጽፌ ተኝቻለሁ። ማስኬን መልሼ፣ የደም ኦክስጅን የምትለካውን ኦክሲሜትሬን ከቦርሳዬ መንጭቄ ያለ ጫማ ሮጥኩ።

ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ናቸው። ምንም ሳልናገር ጣታቸውን ያዝኩና መሣሪያዋን አስነከስኳት። ቁጥሯ ትንሽ ዋዠቀችና ሰማንያ አንድ ላይ ቆመች፤ ከዘጠና መውረድ አልነበረባትም። ሌላ ጣት ሞከርኩ። ሰማንያ አንድ። በዚህ ቁጥር ቁጭ ብለው የሚያወሩ ሽማግሌዎች አይቻለሁ፤ በማግስቱ አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ነው የማገኘው።

በረንዳ ወጥቼ ማዕከል ደወልኩ። ተረኛዋ ሲስተር ሶፊ ነበረች። "ሀብቴ፣ ሲሊንደሩ ሁሉ ሰው ላይ ነው" አለችኝ። "አሁን ብታመጣቸው ኮሪደር ላይ ነው የሚቀመጡት። እዚያው በደረታቸው አስተኛቸው፣ መስኮት ክፈት። አንዱ ሲለቀቅ እደውልልሃለሁ።" አንድ ሲሊንደር እንዴት እንደሚለቀቅ ሁለታችንም እናውቃለን። አምቡላንስ ነጂው ሚልክያስ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ቦምቤ ወርዷል። "ሁለት ሰዓት ስጠኝ፣ ወንድሜ" አለ። የምሰጠው ሁለት ሰዓት አልነበረኝም፤ ግን እሺ አልኩ።

ወደ ኩሽናው ሄድኩ። እትዬ አስካለች ድስቱን በእንጨት ማንኪያ እያማሰሉ ይዘምሩ ነበር። ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ።

"ሞቷል አለ እኮ! እሱ ራሱ ነው ሞቷል ያለው!"

"አፍንጫቸው ነው፣ እትዬ። ወይኑ ደህና ነበር።"

ድስቱን በባዶ እጃቸው ከእሳት ላይ አነሱ። "አጥፍቼዋለሁ፣ ይኸው። ብመልሳትስ? ወደ ጠርሙሷ ብመልሳት? ስኳሩ ትንሽ ናት፣ ዶክተር፣ ሦስት ማንኪያ ናት..." ጠርሙሱን በአንድ እጃቸው፣ የሚፋጀውን ድስት በሌላው ይዘው አዩኝ። ያን ጊዜ ባለቅስ ደስ ባለኝ። ድስቱን ተቀብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነከርኩላቸው።

ስመለስ ጋሽ ሻንቆ ጣታቸውን እያዩ ነበር። ለሰው አብስሎ የኖረ ሰው ሞኝ አይደለም።

"እኔ ነኝ እንዴ የታመምኩት?" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ። ሽታ የሚያጠፋው በሽታው ነው።"

የማጽናኛ ቃል እየፈለግኩ ሳለ ፊታቸው በራ።

"እና ወይኑ አልሞተም?"

"አልሞተም።"

"ጠብቄዋለሁ ማለት ነው? ሠላሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ?"

"ጠብቀውታል። እስከ እኔ ክፍል ድረስ ይሸታል።"

ሳቁ፤ ሳሉ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ወንበሩን ያዙ። ኩሽና ምን እየተደረገ እንደሆነ አልጠየቁም፤ የሚስታቸው ልቅሶ እየተሰማ ስለሆነ ያወቁ ይመስለኛል። በደረታቸው ይተኙልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "ቆይ" አሉ። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብርጭቆ አመለከቱኝ። "ወረቀቱን አምጣ። ያን የጻፍከውን ሰርዝ። አንተ አሽትተህ ንገረኝ፣ እኔ እጠጣዋለሁ።"

ብርጭቆውን አነሳሁ። ዓይኔ ደረታቸው ላይ ነው፤ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ እየቆጠርኩ ነበር። ማስኬን ሳላወልቅ ብርጭቆውን ጠጋ አድርጌ የማውቀውን ልነግራቸው ጀመርኩ። "ኮሽም አለ፣ ጋሼ። የበሰለ ኮሽም። ከዚያ ትምባሆ። ከዚያ የዳሞታ አፈር፣ ዝናብ የነካው..."

"ጽዱን ዘለልከው" አሉኝ።

ብርጭቆውን ከማስኬ አራቅኩ።

"ሳታሸትት ነው የምትነግረኝ፣ ሀብቴ። እኔ የነገርኩህን ነው መልሰህ የምትነግረኝ። እሱ መቃብር ላይ ውሸት ይነበብ?"

መስኮቱን ከፈትኩ። ሁለቱን ማስኮች አወለቅኩ። ከታኅሣሥ ወዲህ ጋሽ ሻንቆ ፊቴን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ጢምህ አድጓል አሉኝ። አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ ከትቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ኮሽሙ የለም። ከተከፈተ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። ትምባሆውም ሳስቶ ሊጠፋ ነው። ከታች ግን አንድ ነገር አለ፤ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ እናቴ የዓመት በዓል ልብሷን የምታስቀምጥበትን ሣጥን ስከፍት የሚመታኝ ሽታ ነው። ሣጥኑ ከምን እንጨት እንደተሠራ እስከዚያች ቀን ድረስ አስቤ አላውቅም።

"ፍሬው ሄዷል፣ ጋሼ" አልኩ። "ጽዱ ግን አለ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ። የእናቴን ሣጥን ይሸታል።"

"ሎኦ" አሉ። "ፍሬው ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ ሙሴም ብሎኛል። እንደዚያው ብለህ ጻፍ። ሣጥኑንም ጻፍ።"

እየጻፍኩ ሳለ ብርጭቆውን ወስደው በቀስታ፣ ምንም የማይላቸውን ወይን እስከ መጨረሻው ጠጡት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጣታቸውን ዘረጉልኝ። መሣሪያዋን አስነከስኳት። ሰባ ስምንት ትላለች። አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።